ሐይቅ፣ ሁኔታው ታይቶ

ማጨብጨብ ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ሐይቅ ከተማ ስልክ ቤት ነበር የምሠራው። ማዞሪያው ላይ ቁጭ ብዬ ደሴን እጠራለሁ፤ ደሴ ስትመጣልኝ ገመዱን እሰካና "ይነጋገሩ" ብዬ ከመስመሩ እወጣለሁ። ሥራው ይኸው ነው። ከተማው ግን ታዳምጣለች እያለ ያማኝ ነበር። አላዳምጥም ነበር። አንዳንዴ ብቻ።

ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ። አሠልጣኛችን አንድ ቀን ሁላችንንም ሰብስቦ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ወደሚጫወትበት አዳራሽ ወሰደን። "ጆሯችሁ እንዲጠራ ነው" አለን። ወንበሩ ለስላሳ ነበር። እኔ ደግሞ ያደግሁት በመደብ፣ የሠራሁት በእንጨት ወንበር ነው። ለስላሳ ወንበር ላልለመደ ሰው አደገኛ ነው፤ ተኛሁ። ስነቃ ሙዚቃው ቆሟል፣ አዳራሹም ጸጥ ብሏል። ያለቀ መሰለኝ። መተኛቴ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ከሁሉ ቀድሜ፣ ደህና አድርጌ አጨበጨብሁ። ብቻዬን። ለካስ አላለቀም። ሲምፎኒ የሚባለው ነገር አራት ክፍል አለው፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገሩ ተጫዋቾቹ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ያን ጊዜ ሰው ያስላል እንጂ አያጨበጭብም። ይህንን ሁሉ ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ በዓይኑ ብቻ አስረዳኝ።

ሐይቅ ስመለስ "ሲምፎኒ ሰምቼ መጣሁ" አልሁ። የቀረውን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም። እንዲህ ሆኜ ከአርባ ዓመት በላይ በአንድ እንቅልፍ ስከበር ኖርሁ።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ግን ከአዲስ አበባ አንድ ወረቀት መጣ። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሦስት ቦታ የሚታጠፍ ወረቀት ነው። አንድ ኦርኬስትራ በመጪው ዓመት ከመስከረም እስከ ግንቦት የሚያቀርባቸው ኮንሰርቶች በየወሩ ተዘርዝረውበታል። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ። ከደሴ ቀጥሎ ሐይቅ። ሐይቅ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ መስከረም ላይ እንዲሁ፣ ግንቦት ላይ ግን በቅንፍ ውስጥ "ሁኔታው ታይቶ" የሚል ተጨምሮበት።

ከተማው ኮንሰርት መጣልኝ ብሎ አልተደሰተም። ያየው ቅንፉን ነው።

"የምን ሁኔታ ነው የሚታየው?" አለ ጋሽ ደምሴ። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጣ የመንገድ ሠራተኛ ነው። ትውልዱ አምባሰል ስለሆነ ሙዚቃን ሳይማር የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔም የተወለድሁት አምባሰል ነው፤ እኔን ግን አይቆጥረኝም። "ደሴ ላይ ለምን ቅንፍ የለም? ደሴ ሰው ነው፣ እኛ ሁኔታ ነን?"

እውነቱን ለመናገር በክፋት የተጻፈ አልነበረም። ኦርኬስትራው እንደኛ ባለ ትንሽ ከተማ ተጫውቶ አያውቅም። ሰዉ ያዳምጣል ወይስ ያወራል የሚለውን አይተው በግንቦት ሊመለሱ ነው ያሰቡት። እንዲመጡ ለምና ያሳመነቻቸው የራሳችን ልጅ ናት፣ ሰዓዳ ይማም። "የኔ አገር ሰው ማዳመጥ ያውቃል" ብላ ለመሪያቸው ቃል ገብታለች።

የሰዓዳን ነገር ካልነገርኋችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ሰዓዳ የጎረቤቴ የሼህ ይማም ልጅ ናት። ደሴ ነርስነት ትማር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ጥላው አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። ዛሬ በኦርኬስትራው ውስጥ ቪዮላ ትጫወታለች። ቪዮላ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለ ነው። ሌላም ልዩነት እንዳለው ሁለት ጊዜ አስረድታኛለች፤ አልያዝሁትም። አባቷ ነገሩን የሰሙ ዕለት "በሽተኛ ጥለሽ ክር ልትገዘግዢ ነው?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት፣ አባትና ልጅ ተነጋግረው አያውቁም።

አልተነጋገሩም ስል ወሬ ተቋርጧል ማለቴ አይደለም። ሰዓዳ ሁልጊዜ ጁምዓ ትደውላለች። ስልኩን የምታነሳው እናቷ ሐዋ ናት። ሼህ ይማም ከጎኗ ይቀመጣሉ።

"ጉንፋኑ ለቀቃት ወይ በያት" ይላሉ።

"ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ ይላሉ" ትላለች ሐዋ።

"ለቀቀኝ በይው።"

"ለቀቀኝ ትላለች።"

የስልኩ ድምፅ ክፍት ነው፤ ሦስቱም ይሰማሉ። በአጥሩ በኩል እኔም እሰማለሁ። ሐዋ ማንም ሳይቀጥራት ማዞሪያ ሆነች። እንደ ባለሙያ ከጠየቃችሁኝ ግን የማዞሪያ ሥራ ሁለቱን ሰዎች አገናኝቶ መውጣት ነው። ሐዋ ስድስት ዓመት ሙሉ ገመዱን በእጇ ይዛ ቀረች።

ወረቀቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ ሁለት ነገር ብቻ። ሰዉ ጸጥ ይበል። አባዬ ይምጣ።"

"ሰዉን ለኔ ተይልኝ" አልሁ፣ የአርባ ዓመት ክብሬን ተማምኜ። "አባትሽስ ባይመጡ?"

"እኔ እስከ ደጁ ድረስ መጥቼ ካልሰማኝ፣ ከእንግዲህ አልለምነውም። ጁምዓም አልደውልም።"

ይህን ለሐዋ አልነገርኋትም። ማዞሪያ የሰማውን አይናገርም።

ሦስት እሑድ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ሰው ሰብስቤ አስተማርሁ። ያየሁት ሲምፎኒ ግማሹ በእንቅልፍ ስላለፈ፣ ማስተማር የቻልሁት የነቃሁበትን ብቻ ነው።

"ግጥም መስጠት አይቻልም" ብዬ ጀመርሁ። እኛ አገር የሚጫወት ሰው ፊት ተቀምጦ ግጥም አለመስጠት ንፉግነት ነው።

"ግጥም ካልተቀበሉ ምን ይዘው ይጫወታሉ?" አለ ጋሽ ደምሴ።

"ከወረቀት ላይ ያነባሉ።"

"በቃላቸው አያውቁትም?"

"አያውቁትም።"

"ሳያጠኑ ነው የሚመጡት?"

አዳራሹ አጉረመረመ። እንዲያው አልፈርድባቸውም። ማዶ ሐይቁ ላይ ባለው ገዳም ውስጥ የዓመቱን ዜማ በሙሉ በቃላቸው የያዙ መሪጌቶች አሉ፤ ወዲህ ደግሞ መንዙማውን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ሶላት ሳያቋርጡ የሚያወርዱ አሉ። በዚህ አገር ወረቀት አይቶ የሚያዜም ሰው ገና ተማሪ ነው። በአንድ ቀን ትምህርቴ የኦርኬስትራውን ክብር በግማሽ አወረድሁት።

በሁለተኛው እሑድ ስለ መሪው ነገርኋቸው። ጀርባውን ሰጥቶን እንደሚቆም ስናገር ጋሽ ደምሴ እጁን አወጣ።

"ምን አስከፋነው?"

"አልከፋውም። የሚመራው እነሱን ስለሆነ ወደነሱ ይዞራል።"

"እና እኛን ማን ይመራናል?"

"እኔ" አልሁ።

ይህን መልስ ስሰጥ ምን ነክቶኝ እንደነበር አላውቅም። ግን ወደድሁት። እናም በሦስተኛው እሑድ ሕጉን ደነገግሁ። ሙዚቃው አራት ክፍል ነው። በየመሐሉ ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል ማንም ምንም አይልም፤ ጭብጨባ የለም፣ እልልታ የለም፣ "ይበል" የለም። እኔ እቆጥራለሁ። አራቱ ሲያልቅ እኔ አጨበጭባለሁ፤ እኔን አይታችሁ ታጨበጭባላችሁ። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት እያየን ጸጥታ ተለማመድን። መጀመሪያ ላይ ሁለት ደቂቃም አልቻሉም። ማታው ሲቃረብ ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ሆነው ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ ብቻ እንባዋ መጣ፤ ምነው ብላት ወንድሟ የሞተ ጊዜ እንዲህ ጸጥ ብለው ተቀምጠው እንደነበር ነገረችኝ።

ሼህ ይማም ከሦስቱ እሑድ በአንዱም አልመጡም። ሐይቁ ዳር ካለው ማሳቸው ሄድሁ። መረባቸውን ዘርግተው የተቀደደውን እየጠገኑ ነበር።

"አያ ይማም፣ መስከረም ላይ እንግዳ ይመጣል።"

"ሰምቻለሁ።"

"አንቱም ይመጣሉ።"

"አንቺ ስልከኛ፣ ምን ልሠራ? ክር ሲገዘገዝ ላይ?"

"ለማየት አይደለም። ለምርቃት ነው።"

እጃቸው መረቡ ላይ ቆመ። የሼህ ይማም ምርቃት በእኛ በኩል የታወቀ ነው። ሰርግ ቢሆን፣ እርቅ ቢሆን፣ ጉድጓድ ቢቆፈር፣ እሳቸው ሳይመርቁ አይጀመርም። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። ተጠርተው የቀሩበት ቀን የለም። የተጣሉት ሰው እንኳ ቤት ቢሠራ ሄደው መርቀው፣ ሰላም ሳይሉት ይመለሳሉ።

"ያለ ምርቃት ሊጀምሩ ነበር?"

"ሊጀምሩ ነበር።"

"ጉድ እኮ ነው" አሉ። "መቼ ላይ ነው የምመርቀው?"

"መሪያቸው ይወጣል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል ይጀምሩ።"

"ጸጥ ሲል።"

"ጸጥ ሲል።"

በኩራት ወደ ቤቴ ተመለስሁ። እንግዲህ ለከተማው በሙሉ ጸጥ ሲል ምንም አትበሉ ብያለሁ፤ ለሼህ ይማም ደግሞ ጸጥ ሲል ይጀምሩ ብያለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ማዞሪያ ላይ ስሠራ ሁለት ገመድ በአንድ ቀዳዳ ሰክቼ አላውቅም ነበር።

ሰዓዳ ከጓደኞቿ አንድ ቀን ቀድማ በትንሽ መኪና የወረቀት ማስቀመጫ ብረቶችን ይዛ መጣች። ያደረችው እኔ ዘንድ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሐዋ በአጥሩ አናት የዓሣ ወጥ አሻገረችልን። ማን እንደላከው አልተነገረም። ዓሣውን ያጠመዱት ሼህ ይማም ናቸው፤ ከሌላ ሰው ዓሣ በቤታቸው አይበላም። ሰዓዳ በልታ ሳህኑን አጥባ በአጥሩ መለሰች።

የኮንሰርቱ ቀን የግሸን ንግሥ ሊደርስ ሁለት ቀን የቀረው ነበር። በዚያ ሰሞን ከደሴ የሚመጣ አውቶብስ ሁሉ ወደ ግሸን ነው የሚሄደው። ሰው ይህን ያውቃል፤ አውቶብስ ሲያይ ዳቦና ውኃ በመስኮት እያቀበለ "አይዟችሁ፣ ትንሽ ነው የቀራችሁ" ብሎ ያሳልፋል። ኮንሰርቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊጀመር ስምንት ተኩል ሲሆን ኦርኬስትራውን የጫነው አውቶብስ ከተማው መግቢያ ደረሰ። ሾፌሩ እንግዳ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ዳቦ አጎረሱት።

"ደርሰናል?" አለ እያኘከ።

"ገና ናችሁ፤ ቀጥሉ!" አሉት። "ውጫሌን አልፋችሁ ዳገቱን ስትወጡ ነው። ለኛም ጸልዩልን!"

ቀጠሉ። ውጫሌን አለፉ። መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ነው መሪያቸው "ሐይቅ ተራራ ላይ ነው እንዴ?" ብሎ የጠየቀው። ስልክ ቢሞክሩም በዚያ በኩል መስመር የለም። ስለ መስመር እኔ አልናገርም።

እኛ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠናል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሰዉ ሙሉ ለሙሉ ዝም አለ። ያስተማርሁትን ያን ያህል ይይዛሉ ብዬ አላሰብሁም ነበር። መድረኩ ላይ ባዶ ወንበሮችና ሰዓዳ ብቻ ነበሩ። ሰዓዳ ብረቶቹን ታስተካክላለች። ሼህ ይማም ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ስምንት እርምጃ አይሞላም። እሷ አንዱን ብረት አምስት ጊዜ ፈትታ አምስት ጊዜ አጠበቀችው። እሳቸው የጣራውን ቆርቆሮ ይመለከታሉ። ሐዋ አንዴ ወደሳቸው አንዴ ወደሷ እያየች አንገቷን አመማት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ጋሽ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እትዬ፣ ይሄ የመጀመሪያው ክፍል ነው?"

"አልመጡም ገና።"

"እኔማ ወደ ማለቁ ነው ብዬ።"

አስር ሲደርስ ሰጋጆቹ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በጣታቸው እየረገጡ ወጡ፤ ሰግደው እንደዚያው እየረገጡ ተመለሱ። የቀረነው በቦታችን ነበርን። ባዶውን መድረክ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በጥሞና አዳመጥነው። እንደዚያ ያለ ታዳሚ አዲስ አበባም አላየሁም፤ በእርግጥ አዲስ አበባ ተኝቼ ነበር።

አስር ተኩል ላይ ከዳገቱ ተመልሰው መጡ። አቧራ ለብሰዋል፤ ዳቦውን ግን ጨርሰውታል። መሪው ጎልማሳ ሰው ነው። ሮጬ ያዝሁት።

"ልጄ፣ መጀመሪያ ምርቃት አለ።"

"እናቴ፣ ሳይጨልም ደሴ መግባት አለብን። ዛሬ በቀጥታ እንጀምራለን" ብሎ ወደ መድረኩ ወጣ።

መሪ ሲወጣ ታዳሚው እንደሚያጨበጭብለት አላስተማርኋቸውም። እንዴት ላስተምራቸው፤ አዲስ አበባ መሪው ሲወጣ ገና የወንበሩን ልስላሴ ሳጣጥም ነበር። ሰውየው መድረክ ላይ ቆሞ እጅ ነሳ፤ አንድ ሰው አልተነፈሰም። እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ገጥሞት እንደማያውቅ ፊቱ ይናገራል። ሼህ ይማም ጸጥታውን ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። ግማሽ እንደተነሡ መሪው ጀርባውን ሰጠ፣ እጁን አነሣ፣ ኦርኬስትራውም በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ሼህ ይማም ቀስ ብለው ተቀመጡ። ምርቃቱ ጉሮሯቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

ሙዚቃው እንዴት ነበር ለምትሉኝ፣ በዚህ ጊዜ አልተኛሁም። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም። ብዙ ሰዎች አንድ ነገር በየራሳቸው አፍ ሲናገሩ እንኳ ይደማመጡ ነበር። በስልክ ሥራ ዘመኔ ይህን አይቼ አላውቅም። ሰዓዳ መሐል ላይ ሰማያዊ ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ሼህ ይማም መጀመሪያ ጣራውን አዩ። ቀጥሎ መሪውን አዩ። ቀጥሎ ሰማያዊውን ሻሽ አይተው ዓይናቸውን አላነሡም።

የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። መሪው እጁን አየር ላይ አቆመ። ጸጥ አለ።

ሰዉ እንዳስተማርሁት ድንጋይ ሆነ። አንድ ሳል የለም። ይህ ቅንፉን የሚሰርዝልን ጸጥታ ነው ብዬ ልቤ ሞቅ አለ። ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

ሼህ ይማም ቆመዋል።

"ቢስሚላሂ" አሉ። "ከመንገድ አደጋ የጠበቃችሁ፣ ግሸን አፋፍ አድርሶ የመለሳችሁ፣ ወደ ቤታችሁም በደህና ያግባችሁ።"

እዚህ ላይ መጀመሪያ "አሜን" ያለው ማን እንደሆነ ከተማው እስከ ዛሬ ይከራከራል። አንዳንዱ ጋሽ ደምሴ ነው ይላል። እኔ ነኝ። አፌ ከመከፈቱ በፊት መዳፌ ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ "አሚን!" አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል የታፈነ ድምፅ ስለነበር ጣራው ተነቃነቀ።

"የምትነፉትን፣ ሳንባችሁን ያስፋው።"

"አሚን!"

ጥሩምባ የያዙት ሰዎች ጥሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፤ ምርቃት ላይ እጁን የሚያጥፍ የለም።

"ያን በስተኋላ ያለውን፣ ከበሮውን ሦስት ጊዜ መትቶ የተቀመጠውን፣ ሥራ ይስጠው።"

"አሚን!" ከሁሉ ጮክ ብሎ ያለው ሰውየው ራሱ ነው።

"ይህን ጀርባውን የሰጠንን፣ ፊቱን ወደኛ ይመልስልን።"

"አሚን!"

መሪው እስከዚያች ሰዓት ሁለት እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ነበር። ዞረ። አዳራሹን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ እጁን ዝቅ አድርጎ መዳፉን ዘረጋ፤ የሚመራባት ቀጭን ዱላ መዳፉ ላይ እንዳለች።

ሼህ ይማም ትንሽ አረፉ። የጨረሱ መስሎኝ ነበር።

"ያችን መሐል ያለችውን" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ሰማያዊ ሻሽ ያሰረችውን። ክንዷን አያዝልባት።"

"አሚን።"

"በእጇ የያዘችውን መድኃኒት ያድርግላት። የሰማ ሁሉ ይዳንበት።"

"አሚን" አለች ሰዓዳ። ከሁሉ ዘግይታ ስላለችው ለብቻው ተሰማ። ለአባቷ በቀጥታ የመለሰችው ቃል በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ ብቻ ነው።

ሼህ ይማም ተቀመጡ። መሪው ዞረና ሁለተኛውን ክፍል ጀመረ፤ ዝግ ያለ ነው። ሐዋ ነጠላዬን ጎትታ አፍንጫዋን ጠረገችበት። ዝም አልኋት።

ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ እንደገና ጸጥ አለ። መሪውና ተጫዋቾቹ በሙሉ ወደ ሼህ ይማም አዩ።

"እኔ ጨርሻለሁ፤ ቀጥሉ" አሉ።

ቀጠሉ። እኔ ደግሞ ቁጥሬን ይዣለሁ። ችግሩ፣ ምርቃቱንም ቆጥሬዋለሁ። ረጅም ነበር፣ ሰው ይቀበል ነበር፣ መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው፤ አንድ ክፍል የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም። ስለዚህ ሦስተኛው ክፍል ሲያበቃ አራት ሞላልኝ። ተነሥቼ ደህና አድርጌ አጨበጨብሁ።

ወዲያው አወቅሁ። ያ ከአርባ ዓመት በፊት ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይን ትዝ አለኝ። ግን በዚህ ጊዜ ብቻዬን አልነበርሁም። እኔን ሲጠብቅ የቆየ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተከተለኝ። ጭብጨባ፣ እልልታ፣ "ይበል!"፤ ሦስት እሑድ የከለከልሁት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። መሪው ምን ያድርግ፤ ተጫዋቾቹን አስነሥቶ እጅ ነሳ። ሰዉ ሲረጋ ደግሞ የቀረውን አራተኛ ክፍል ተጫወቱ።

"ምራቂ ጨመሩልን!" አለ ጋሽ ደምሴ። "እነዚህ ሰዎች ጨዋ ናቸው። ያልተማሩ መሆናቸው ብቻ ነው።"

ሲያልቅ ጋሽ ደምሴ መሪውን ደጅ ላይ ያዘው። "አምባሰል ድረስ መጥታችሁ አምባሰልን ሳትጫወቱ ልትሄዱ ነው?"

"በግንቦት እናዘጋጃለን" አለ መሪው።

"ሁኔታው ታይቶ?"

"ታይቷል" አለ መሪው። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ "እናቴ፣ ሽማግሌው በግንቦትም ይኖራሉ?" ሲል ጠየቀኝ። ያለ እሳቸው ሁለተኛውን ክፍል መጀመር የሚከብዳቸው ይመስላል።

አውቶብሱ እየተጫነ ነበር። ሰዓዳ ቪዮላዋን በጀርባዋ አዝላ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሼህ ይማም ወጥተው ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ሐዋ እንደ ልማዷ መካከላቸው ገባች።

"ደክሟት እንደሁ ጠይቂያት" አሉ ሼህ ይማም።

ሐዋ አፏን ከፈተች። እኔ ክንዷን ያዝሁ።

"ሐዋ፣ ነይ ወንበር እንሰብስብ።"

"ቆይ እስቲ፣ እየጠየቋት እኮ..."

"ወንበር" አልሁ። ጎትቼ አወጣኋት። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ያላልሁትን ቃል አልሁ።

"ይነጋገሩ።"

ወንበር አልሰበሰብንም። ከበሩ ኋላ ቆምን። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም፤ ግን ጸጥታ መጠበቅ ተለማምደናል።

"ዓሣው ደረሰሽ?" አሉ ሼህ ይማም።

"ደረሰኝ፣ አባዬ። ጨው አንሶት ነበር።"

"ማነው ጨው ያሳነሰው!" አለች ሐዋ ከበሩ ኋላ። እስክትጮህ ድረስ እያዳመጠች መሆኗን አላወቁም ነበር።

አልተቆጣኋትም። እሷም ማዞሪያ ነበረች።